ከታች የሚያፈስ ሞተር፦ የአንድ አይረን ሽሮፕና የሁለት ላብራቶሪዎች ግምገማ

መካኒክ ነኝ። ጎፋ አካባቢ ነው የምሠራው። አብዛኛውን ጊዜ የምጽፈው ስለ ፍሬን ሸራ፣ ስለ ባትሪ፣ የትኛው የሞተር ዘይት ትክክለኛ የትኛው የተቀሸበ እንደሆነ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ የአይረን (የብረት) ሽሮፕ፣ ስለ አንድ የግል ክሊኒክና ስለ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ልጽፍ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የተመላለስኩት በእነዚህ ሦስቱ መሃል ስለሆነ ስለ ባትሪ የማወራው ነገር የለኝም።

ልጄ ሦስት ዓመት ከጥቂት ወሯ ነው። እዚህ ላይ ሚጣ እንበላት። እኔም ባለቤቴም ሠራተኞች ነን፤ ሞግዚት ደግሞ አልበረክት አለችን። ስለዚህ ዓመት ከስድስት ወር ሲሆናት አያቷ ጋር አጋሮ ላክናት። አጋሮ ከጅማ አለፍ ብላ ያለች የቡና ከተማ ናት። አማቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ትንሽ የቡና ማሳ አላቸው። ሚጣ እዚያ ቡና ጥላ ስር፣ እርጥብ አፈር ላይ፣ በባዶ እግሯ ስትሮጥ ከረመች። ቪዲዮ ሲላክልን "ንጹሕ አየር እየሳበች ነው" እያልን ደስ ይለን ነበር።

መስከረም ላይ ይዘናት መጣን። መጀመሪያ የነገረን ግድግዳው ነው። አልጋዋ ጥግ ያለው ቀለም መዳፍ በሚያህል ቦታ ተፍቋል። በጥፍሯ ትፍቅና ጣቷን ትልሳለች። ግቢ ስትወጣ ደግሞ አበባ መትከያው ውስጥ ያለውን አፈር። እናቷ ስትቆጣት "ይጣፍጣል" አለቻት። ቀጥሎ ድካሙ መጣ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሚጣ ደረጃው መሃል ትደርስና ቁጭ ትላለች። "አባዬ እቀፈኝ።" እኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አንድ ቀን የታችኛውን የዐይኗን ቆብ ገለጥ አድርገው አዩና "ይቺ ልጅ ደም የላትም" አሉን። እውነትም ቀይ መሆን ያለበት ነጥቶ የተላጠ ሎሚ መስሏል።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄድን። ስሙን አልጠራም። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ካርቱን ያሳያል፣ ካርድ የምታወጣዋ ልጅ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ትላለች። በዚህ በኩል ሙሉ ነጥብ ይገባቸዋል። ደም ተወሰደ። ደም ማነስ የሚለካበት ሄሞግሎቢኗ 8.1። በዚህ ዕድሜ ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል፤ 8.1 እንግዲህ በጣም ወርዷል። ሐኪሙ ጎበዝ ሳይሆን አይቀርም፤ ብቻ ቸኩሏል። አይረን ሽሮፕ ጻፈ፤ "ለማንኛውም" ብሎ ደግሞ የሰገራ ምርመራ አዘዘ። የት እንዳደገች አልጠየቀም። እኛም አልነገርነውም።

የሰገራውን ነገር በደንብ ልንገራችሁ፤ ስህተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ናሙናውን ከቤት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በዕቃ ይዤ ወጣሁ። መንገዱ ተዘጋግቶ 3 ሰዓት ደረስኩ። ተቀብለው ትሪ ላይ አስቀመጡት። 6 ሰዓት ላይ በዚያ ሳልፍ አሁንም ትሪው ላይ ነው፤ የሚጣ ስም የተጻፈበት ፕላስተር ይታየኛል። 7 ሰዓት ላይ ውጤቱ መጣ፦ "ኖ ኦፒ ሲን"። እንቁላልም ተውሳክም አልታየም ማለት ነው። እኛ ቤት ግን "የለም" ተብሎ ተተረጎመና ሁላችንም ተነፈስን። እኔ ራሴ ኮፋኖ ሳይከፍት "ችግር የለውም" የሚል መካኒክ ስንት ጊዜ ሰድቤያለሁ መሰላችሁ።

አሁን ወደ ሽሮፑ። ፈረስ ሰልፌት የሚባል የብረት ጨው ነው፤ 100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፤ እኔ የገዛሁት 480 ብር ነው። መለያው ላይ በ5 ሚሊ ውስጥ 150 ሚሊ ግራም ፈረስ ሰልፌት ይላል። ይህን ቁጥር አይታችሁ እንዳትሸወዱ። ይህ የጨው ክብደት እንጂ የብረቱ አይደለም። ከፈረስ ሰልፌት ውስጥ ብረት የሆነው 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ማለት 30 ሚሊ ግራም። ፋርማሲስቷ ናት ያስረዳችኝ፤ እግዜር ይስጣት። ሚጣ 12 ኪሎ ናት። በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ሲሰላ በቀን 36፤ በዚህ ሽሮፕ 6 ሚሊ ይሆናል። አብሮት የሚመጣው የፕላስቲክ ኩባያ ግን 2.5፣ 5 እና 10 ላይ ብቻ ነው ምልክት ያለው። 6 ሚሊ በዓይን ግምት ነው። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ገዝቼ ተገላገልኩ። ሲሪንጁ ሌላም ጥቅም አለው። ሽሮፑን ጉንጯ ውስጥ ወደ ኋላ ስትሰጧት ጥርሷን አያጠቁርም።

ጣዕሙን ቀመስኩት። መጀመሪያ ከረሜላ ነው፤ ሲቆይ አፍህ ውስጥ ሚስማር የያዝክ ይመስልሃል። ሚጣ ግን ወዳዋለች። ለእኔ ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው፤ ክዳኑ ተራ ክዳን ነው። ዝም ብሎ በማዞር ይከፈታል። አይረን ደግሞ ትንሽ ልጅ ብዙ ከጠጣ የሚገድል መድኃኒት ነው። የሚጣፍጥ፣ ቀይ፣ ሕፃን የሚከፍተው ጠርሙስ ምን የሚሉት አሠራር ነው? እኛ ቁም ሳጥን ላይ ነው ያስቀመጥነው። ሌላው፣ ሰገራ ጥቁር ይሆናል። ባለቤቴ ደንግጣ ሥራ ቦታ ደወለችልኝ። ያለ ነው፤ አትደንግጡ።

ስድስት ሳምንት ሰጠናት። ሦስተኛው ጠርሙስ ተጋመሰ። ግድግዳው መፋቁ አልቀረም። ድጋሚ አስለካናት፤ 8.4።

ስድስት ሳምንት ሙሉ ለነጥብ ሦስት! "ሽሮፑ ፎርጅድ ነው" ብዬ ፋርማሲው ድረስ ሄጄ ልጣላ ነበር። ያቆመኝ ደንበኛዬ ነው፤ አሮጌ ቪትዙን ሊያሠራ መጥቶ ታሪኬን ሰማ። ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው የሚሠራው። "አንተ መኪናዬ ዘይት ጎደለ ስልህ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?" አለኝ። ከስር ገብቼ አያለሁ አልኩት። ሳቀና "ልጅህንስ?" አለኝ።

ከጥምቀት በፊት ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሄድን። እዚያ ለስላሳ ወንበር የለም። ካርድ ክፍሉ ጋ ሰልፉ እስከ በሩ ነው። የተመደበችልን የጤና መኮንን ወጣት ናት፤ እኔ "ዶክተር" ስላት "የጤና መኮንን ነኝ" ብላ አረመችኝ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "የት ነው ያደገችው?" የሚል ነበር። አጋሮ ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ጫማ ታደርግ ነበር?" እኔና ባለቤቴ ተያየን። ቪዲዮዎቹ ሁሉ ትዝ አሉኝ። የሚጣን የክትባት ካርድ ጠየቀች። ቫይታሚን ኤ ወስዳለች፤ የትል መድኃኒት የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ለአማቴ ስንደውል፣ ኪኒኑ በተሰጠበት ቀን ገበያ ሄደው እንደነበር ነገሩን። የወባ ምርመራም አዘዘች፤ ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ስለሚሰብር ወባ ካለበት አካባቢ ለመጣ ልጅ አይታለፍም አለች። ነጻ ሆነች።

ላብራቶሪው አንድ ጠባብ ክፍል ነው። እዚያ የምትሠራዋ ልጅ ዕቃውን ሰጠችንና "ከቤት የመጣ አልቀበልም፤ እዚሁ ትኩሱን አምጡልኝ" አለች። ሚጣ እምቢ አለች። ሙዝ ገዛንላት፣ ግቢውን ዞርን፣ ዘፈን ዘፈንን፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣላት። ሮጬ ነው ያደረስኩት። ምክንያቱን ስጠይቃት የሁክዎርም፣ ማለት አንጀት ውስጥ ደም የሚጠጣው ትል፣ እንቁላል ቅርፊቱ ስስ ነው አለችኝ። ሲቆይ ይበላሻል፤ ሙቀት ካገኘ ደግሞ ውስጡ ያለው ትል ይፈለፈላል። ዛሬ ቢታጣ እንኳ ነገና ከነገ ወዲያ ድጋሚ እንድናመጣ ነገረችን፤ ትሏ በየቀኑ እኩል እንቁላል አትጥልም። ያ ትሪ ላይ የዋለው የክሊኒኩ ዕቃ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ።

ብዙም አልቆየችም። "አባት፣ ና እይ" አለችኝ። እጄ ላይ ግራሶ ስላለ ማይክሮስኮፑን ሳልነካ ጎንበስ አልኩ። መጀመሪያ ጭጋግ ብቻ ነው። እሷ በቀስታ ስታጠራው አንድ ሞላላ ነገር ብቅ አለ። ጠርዙ ቀጭን መስመር ነው፤ እንደ ብርጭቆ ውስጡ ይታያል። መሃሉ ላይ አራት ክብ ክብ ነገሮች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው፣ በነሱና በቅርፊቱ መሃል ባዶ ቦታ አለ። ለእኔ ኩሽኔታ ውስጥ ያሉ ኳሶች ነው የመሰሉኝ። "ሁክዎርም" አለች። ስላይዱን ትንሽ ገፋ አደረገችና ሌላ አሳየችኝ። እሱ ያንሳል፣ እንደ እንቁላል ነው። "ይሄ ጃርዲያ ነው።"

የጤና መኮንኗ ከዚያ በኋላ የነገረችኝን በራሴ ቋንቋ ላስረዳ። ሁክዎርም አፈር ውስጥ ተፈልፍሎ በእግር ቆዳ ይገባል። በደም ሳንባ ይደርሳል፣ ወደ ጉሮሮ ወጥቶ ይዋጣል፣ ትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ላይ ነክሶ ይንጠለጠላል። ደም ይጠጣል፤ ቦታ ሲቀይር ደግሞ የለቀቀው ቁስል ይደማል። ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ ኔካተር የሚባለው በቀን 0.03 ሚሊ ያህል ደም ያስወጣል፤ ሌላው አንኪሎስቶማ እስከ 0.2 ሚሊ ይደርሳል። እንቁላላቸው በማይክሮስኮፕ አይለይም። ቀላል የሚለውን ወስጄ ኔካተር ነው፣ መቶ ናቸው ብዬ ወረቀት ላይ አሰላሁ፤ በቀን 3 ሚሊ ሊትር። 12 ኪሎ ልጅ ጠቅላላ ደሟ አንድ ሊትር አይሞላም። በዚያ 3 ሚሊ ደም ውስጥ፣ ሄሞግሎቢኗ 8 ሆኖ እንኳ፣ ወደ 0.8 ሚሊ ግራም ብረት አለ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከምግቡ ሰውነቱ የሚመጥጠው ብረት ደግሞ በቀን አንድ ሚሊ ግራም አይሞላም። በሉት፣ የገባው ሁሉ ወጣ። ትሉ ለዓመታት ይኖራል፤ ወደ አዲስ አበባ ስለመጣች ብቻ ጥሏት አይሄድም።

ጃርዲያው በዓይን የማይታይ ሌላ የአንጀት ተውሳክ ነው፤ ሥራውም ሌላ ነው። ደም አይጠጣም። ግን ብረት በዋናነት የሚመጠጠው ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ጃርዲያም እዚያው ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ምግብ የሚመጥጡት ጥቃቅን ጸጉር መሰል ነገሮች ያጥራሉ፣ ይጎዳሉ። ከታች ያፈሳል፣ ከላይ ደግሞ ፊልትሮው ተዘግቷል ማለት ነው። ሦስተኛም አለ። ሰውነት ሲቆጣና ከበሽታ ጋር ሲታገል ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያበዛል። ሄፕሲዲን ብረት ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፍበትን በር ይዘጋል። የተከማቸውም ከመጋዘን እንዳይወጣ ይይዘዋል። ለጀርም ብረት ላለመስጠት ነው አሉ ዓላማው። ብልሃቱ ጥሩ ነበር፤ ልጅቷን ግን አስራባት። ሽሮፑን በሲሪንጅ እየለካሁ የምሰጠው ለዚህ ለተዘጋ በር ነበር።

የእኛም ጥፋት አለ፤ እሱን ሳልጽፍ ብቀር ነውር ነው። ባለቤቴ ሽሮፑን ወተት ውስጥ ትጨምረው ነበር። ወተት ብረትን ያስቀራል። ጠዋት ደግሞ ሚጣ ሻይ በዳቦ ነው ቁርሷ፤ ማን ቤት አይደለም? ሻይ ከወተትም የባሰ የብረት ጠላት ነው፤ አንጀት ውስጥ አብሮት ይጣበቅና እንዳይመጠጥ ያደርገዋል። የጤና መኮንኗ አልተቆጣችንም። "ሻይውን ተዉት፣ ሽሮፑን ከምግብ ራቅ አድርጋችሁ በብርቱካን ጭማቂ ስጧት" ብቻ አለች። እትዬ ቀይ ጤፍ አብዙላት ይሉን ነበር። ጤፍ ብረት አለው፤ እውነት ነው። የተወሰነው ግን አውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ጤፉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገርም ብረቱን አጥብቆ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። እርሾ ጨምረው የሚያቦኩ እናቶች ሳያውቁት ትክክል ናቸው።

የትሉ መድኃኒት አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም ነበር። ሰባብረን በውሃ አጠጣናት። ዋጋውን ከአንድ ማኪያቶ በታች ነው ያገኘሁት። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግማሽ ፍሬ ነው የሚሰጠው፤ ከአንድ ዓመት በታች ግን አይሰጥም፤ በራሳችሁ አትጀምሩ። ለጃርዲያው የተለየ ሽሮፕ ታዘዘ፤ ምሬቱን አታንሱት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ትኩስ ሰገራ አምጡ ተባልን፤ አንድ ፍሬ ሁልጊዜ ሁሉንም ትል አያወጣም። ያንኑ አይረን ሽሮፕ ቀጠልን፤ ያው ብራንድ፣ ያው 6 ሚሊ።

በአራት ሳምንት 10.1። ሚያዝያ ላይ 12.2። የጤና መኮንኗ አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነ 11 እዚህ አይበቃም፣ ወደ 12 እንፈልጋለን ስትል ነበር፤ ደረሰችበት። ግድግዳው ከየካቲት ወዲህ አልተነካም። ቀለም ልቀባው ነው።

ነጥብ ልስጥ። ሽሮፑ ከአምስት ሦስት ተኩል፤ ክዳኑን ቢያስተካክሉና ኩባያው ላይ መስመር ቢጨምሩ አራት እሰጥ ነበር። ክሊኒኩ ሁለት፤ አንዱ ለካርቱኑ ነው። የጤና ጣቢያው ላብራቶሪ አምስት። ጤና ጣቢያው በጠቅላላ ግን ሦስት ተኩል፤ ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም። የሰገራ ናሙና እዚሁ አምጡ የሚል ቦታ ሽንት ቤት ውሃ ሲያጣ ምን ይባላል? የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። የናሙና ዕቃም አንዳንድ ቀን ያልቃል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ድረሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ልጆች 57 ከመቶው ደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። ሰልፉ ረጅም ቢሆን አይግረማችሁ።

ለፋሲካ አጋሮ ሄድን። ለሚጣና ለሦስት የአጎቷ ልጆች አራት ጥንድ ኮንጎ ጫማ ገዝቼ ነበር። አማቴ የእግር ነገር ሲነሳ ቅር አላቸው። "እኔ ስድሳ ዓመት በባዶ እግሬ ቡና ለቅሜ" ብለው ጀመሩ፤ ባለቤቴ ቀስ ብላ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳ እሳቸውንም አስመረመረቻቸው። ልጆቹ በጫማው አብደው ማታ ይዘውት ተኙ። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ አራቱም ጥንድ ቡና ቅርንጫፍ ላይ በተርታ ተሰቅሏል። ልጆቹ ከታች በባዶ እግራቸው ይሯሯጣሉ። ለምን ስላቸው ትልቁ "ጋሼ፣ ጭቃ እንዳይነካው ነው" አለኝ።